ጉልበተኛ 9 ቁጥር፦ የአርሰናል የፊት መስመር ምን ጎድሎት ነበር?

(ዓመታቱና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሒሳቡ እንነሣ

በ2024/25 የውድድር ዘመን ሊቨርፑል የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ የተሸነፈው 4 ጊዜ ነው። ሁለተኛ የወጣው አርሰናልም የተሸነፈው 4 ጊዜ ነው። ታዲያ በመካከላቸው የነበረው የ10 ነጥብ ልዩነት ከየት መጣ? ሊቨርፑል 25 ጨዋታ አሸንፎ በ9 አቻ ወጣ፤ አርሰናል 20 አሸንፎ በ14 አቻ ወጣ። አምስት አቻ ወደ ድል ቢቀየር 10 ነጥብ ይሆናል። ዋንጫው የሄደው በእነዚያ አቻዎች ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 91 ጎል ያስቆጠረ ቡድን በዚህኛው ያስቆጠረው 69 ነበር። ከተጫዋቾቹ መካከል በሊጉ 10 ጎል የደረሰ አንድም ሰው አልነበረም፤ ካይ ሃቨርትዝ በ9 ጎል ቀዳሚ ሆኖ ጨረሰ። በዲሴምበር ኤቨርተን የአርሰናል ሜዳ ኤምሬትስ ድረስ መጥቶ 0 ለ 0 ወጣ። በፌብሩዋሪ ዌስትሃም እዚያው ሜዳ ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ ሄደ፤ በሳምንቱ ውስጥ አርሰናል ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር ደግሞ ያለ ጎል ተለያየ። በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ተጋጣሚው አሥር ሰው በኳሱና በጎሉ መካከል ይደረድራል። አርሰናል ኳሱን ይይዛል፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያመላልሳል፣ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን የሚጋፋለት ሰው የለም።

ጉልበት ስንል

ብዙ ተመልካች ግዙፍ የመሀል አጥቂ፣ ማለትም 9 ቁጥር፣ ሲባል በጭንቅላቱ የሚገጭ ረጅም ሰው ብቻ ይታየዋል። መግጨት አንዱ ሥራው ነው እንጂ ሥራው ሁሉ አይደለም። ከዚያ የሚከብደው፣ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ፣ ተከላካይ ከኋላው እየገፋው፣ ኳሱን በሰውነቱ ከልሎ መቆም ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ከያዘው አማካዮቹ ይደርሳሉ፣ የመስመር አጥቂዎቹ ይከፈታሉ፣ ቡድኑ በሙሉ ወደ ፊት ይወጣል። ካልያዘው ኳሱ ተመልሶ ይመጣል፤ ጫና ውስጥ ያለ ቡድን ትንፋሽ የሚያጣው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ብዙ አይታይም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ይህም ሁለቱን የመሀል ተከላካዮች ማሰር ነው። አጥቂው ቀላል ሰው ሲሆን አንዱ ተከላካይ ይበቃዋል። ሌላው ነፃ ስለሚሆን ወደ መስመር ወጥቶ ጓደኛውን ያግዛል። የመስመር አጥቂው ቡካዮ ሳካ ኳስ በያዘ ቁጥር ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰው የሚከበው ለዚህ ነው። መሀል ላይ ጉልበተኛ 9 ቁጥር ሲቆም ግን ሁለቱም ቦታቸውን መልቀቅ ይፈራሉ። አንዱ ከለቀቀ ሌላው ብቻውን ከግዙፉ ጋር ይቀራል። ስለዚህ አጥቂው ኳስ ሳይነካ እንኳ ሳካ ከአንድ ተከላካይ ጋር ይፋጠጣል፣ አማካዩ ማርቲን ኦዴጋርድም ከሳጥኑ ፊት ቦታ ያገኛል። ይህ በጎል ቆጠራ ውስጥ አይገባም።

ዢሩ ያሳየን

ይህን በሰው ማየት ለሚፈልግ ከኦሊቪዬ ዢሩ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። አርሰናል በ2012 ከሞንፔሊዬ አመጣው፤ በዚያው ዓመት ሞንፔሊዬ የፈረንሳይ ሊግ ዋንጫ ሲያነሣ 21 የሊግ ጎል አስቆጥሮ ነበር። በአርሰናል ቆይታው 253 ጨዋታ ተጫውቶ 105 ጎል አገባ። ሦስት የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫም ወሰደ። ቢሆንም በዚያ ዘመን በየዲኤስቲቪ ቤቱ “ዘገምተኛ ነው” ሲባል ነው የኖረው። ፈጣን አለመሆኑ እውነት ነው። ከሩጫው ሌላ ያለውን ማየት ግን ይገባ ነበር።

በኦክቶበር 2013 የአርሰናሉ አማካይ ጃክ ዊልሻየር በኖርዊች ላይ ያገባውን ጎል አስታውሱ። ካዞርላ፣ ዊልሻየርና ዢሩ በአንድ ንክኪ እየተቀባበሉ የኖርዊችን የተከላካይ መስመር ሰነጠቁት። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ዊልሻየር አጨራረስ ነው፤ ነገር ግን ተከላካዮቹን ወደ ራሱ ስቦ፣ ኳሷን በስሱ ነክቶ ከኋላቸው ያሳለፈው ዢሩ ነበር። ግድግዳ ሆኖ የሚመልስ ሰው ባይኖር ያ ጎል የለም።

በ2017 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ቼልሲ አቻ ባደረገ በደቂቃዎች ውስጥ ዢሩ ተቀይሮ ገባ፤ ወዲያው ያሻገረውን ኳስ አሮን ራምሴ ገጭቶ አርሰናል 2 ለ 1 አሸነፈ። በጃንዋሪ 2018 ክለቡ ለዚያው ለቼልሲ ሸጠው። በሜይ 2019 ባኩ ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቼልሲ አርሰናልን 4 ለ 1 ሲረታ የመጀመሪያዋን ጎል በግንባሩ ያስቆጠረው ዢሩ ነው። እንደ እኔ ከሆነ አርሰናል ያጣውን ነገር በትክክል ያየው በዚያ ምሽት ነው፤ ከዚያም ስድስት ዓመት ገደማ ሳይተካው ቆየ።

ለብሔራዊ ቡድኑ የሠራው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በ2018 የዓለም ዋንጫ ፈረንሳይ ካደረገቻቸው 7 ጨዋታዎች በ6ቱ በቋሚነት ተሰለፈ። ጎል አላገባም፤ ግብ ጠባቂን የፈተነ አንድ ምት እንኳ አልነበረውም። አሠልጣኙ ዲዲዬ ዴሾ ግን አላስወጣውም። ግሪዝማንና ምባፔ እያንዳንዳቸው 4 ጎል አስቆጠሩ፣ ፈረንሳይም ዋንጫውን ወሰደች። ዴሾ ያነበበው የጎል ሰንጠረዡን ሳይሆን ዢሩ ለሁለቱ የከፈተላቸውን ቦታ ነው።

ቁመት ብቻውን አይበቃም

ሃቨርትዝ ረጅም ነው፣ ኳስ ይገጫል፣ ሳይታክት ይሮጣል። በ2023/24 ሁለተኛ አጋማሽ አሠልጣኙ ሚኬል አርቴታ ወደ ፊት ካወጣው በኋላ ቡድኑ ጎል ይዘንብለት ነበር። ተፈጥሮው ግን አማካይ ነው፤ ወደ ኋላ እየወረደ መቀባበል ይወዳል፣ ለሙሉ 90 ደቂቃ ከተከላካይ ጋር መተሻሸት አመሉ አይደለም። ሌላው አጥቂ ጋብሬል ጄሱስ በተቃራኒው ልቡ ደፋር፣ ቁመቱ አጭር ነው። በጃንዋሪ 2025 ጄሱስ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ጉልበቱን ተጎዳ፤ በወሩ ሃቨርትዝ በልምምድ ላይ ተጎዳ። አርቴታ አማራጭ ስላጣ አማካዩን ሚኬል ሜሪኖን 9 ቁጥር አደረገው። ሜሪኖ ሌስተር ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት ጎል አስቆጠረ። ልጁ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ለዋንጫ የሚፎካከር ክለብ ግን በፌብሩዋሪ ወር አማካይ ተጫዋቹን አጥቂ ማድረጉ የዝግጅት ጉድለት ነው።

ያለ ጉልበተኛ አጥቂ ዋንጫ አይገኝም ማለቴ አይደለም። ማንቸስተር ሲቲ በ2021/22 ሁነኛ 9 ቁጥር ሳይኖረው ሊጉን አሸንፏል፤ በሊጉ ብዙ ያገባለት ኬቪን ደ ብሩይነ ነበር፣ 15 ጎል። የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ግን አላገኘም። በበጋው ኧርሊንግ ሃላንድን አመጡ፣ በሊጉ 36 ጎል አስቆጠረ፣ ክለቡም ሊጉን፣ ኤፍ ኤ ካፑንና ሻምፒዮንስ ሊጉን በአንድ ዓመት ጠቀለለ። በሻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ ኢስታንቡል ላይ ኢንተርን ሲያሸንፉ ግን ጎሉን ያገባው አማካዩ ሮድሪ መሆኑን ልብ በሉ፤ የ9 ቁጥር ሥራ በራሱ ጎል ብቻ አይለካም።

ዮኬሬሽና የኳሱ ምንጭ

በጁላይ 2025 አርሰናል ቪክቶር ዮኬሬሽን ከስፖርቲንግ ሊዝበን አስፈረመ። ስዊድናዊው በመጨረሻው የፖርቱጋል ዓመቱ በ52 ጨዋታ 54 ጎል አስቆጥሮ ነበር። ዓይነቱ ከዢሩ ይለያል። ዢሩ ቆሞ ይቀበላል፤ ዮኬሬሽ ከመሀል ወደ ግራ ጠርዝ ሮጦ፣ ተከላካዩን በትከሻው ገፍቶ፣ ወደ ውስጥ ሰብሮ ይመታል። በኦገስት 2025 ሊድስን 5 ለ 0 ሲያሸንፉ ያስቆጠራት የመጀመሪያ የሊግ ጎሉ ልክ እንዲህ ነበረች።

እዚህ ላይ ክለቡ ራሱን መጠየቅ ያለበት ኳሱ በምን ፍጥነት ይደርሰዋል ብሎ ነው። አርሰናል ለዓመታት የለመደው በትዕግሥት መቀባበልን ነው። እንዲህ ሲጫወት ተጋጣሚው ተመልሶ ለመደርደር ጊዜ ያገኛል፣ ዮኬሬሽ የሚሮጥበትም ሜዳ ይዘጋል። የመስመር ተጫዋቾች ቀድመው ካላሻገሩ፣ የመሀል ተከላካዮች ረጅም ኳስ ለመላክ ካልደፈሩ፣ አማካዮቹም ከእርሱ የሚመለሰውን ሁለተኛ ኳስ ለመልቀም አጠገቡ ካልተገኙ፣ ገንዘቡ በከንቱ ወጣ ማለት ነው።

ለደጋፊው አንድ ነገር ልበል። ዮኬሬሽ ጎል ያላገባበትን ጨዋታ ስታዩ ከመሳደባችሁ በፊት የተጋጣሚውን ሁለት የመሀል ተከላካዮች ተመልከቱ። ሁለቱም ከእርሱ አጠገብ ተቸንክረው፣ ሳካ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ እየተጋፈጠ ከሆነ፣ ሥራውን እየሠራ ነው።