የወንዙ ዘርና የኩሬው ዘር

በርብ፣ በጉማራና በአርኖ ጋርኖ ወንዞች አካባቢ ለሚገኙ አጥቢያዎች የተዘጋጀ ትምህርት



የዓሣ ኩሬ ቆፍሮ ለአጥቢያው ገቢ ለማስገኘት የሚያስብ ሰበካ ጉባኤ አስቀድሞ የሚመክረው ስለ ቦታው፣ ስለ ውኃውና ስለ ወጪው ነው። የዓሣው ጫጩት ከየት እንደሚመጣና ወላጆቹ ምን ዓይነት እንደ ሆኑ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዓሣ ሁሉ አንድ ነውና ከተገኘበት ይምጣ ይባላል። በዚህ ትምህርት የምናሳየው ይህ የተዘነጋ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ መቅደም እንዳለበት ነው፤ ይልቁንም ከወረታ እስከ ይፋግ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ የኩሬው ውኃና የጣና ውኃ በክረምት ሊገናኙ በሚችሉበት አገር።

ለፎገራ ገበሬ ስለ ዘር መንገር ለቀባሪው ማርዳት እንደሚሆንብን እናውቃለን። በወተቷ የታወቀችውና ረግረጉን የለመደችው የፎገራ ላም ከሌላ አገር ከብት ጋር እየተዳቀለች፣ የግጦሽ መሬቷም ለሩዝ እርሻ እየዋለ፣ ንጹሕ ዘሯ እንዴት እንደ ሳሳ የአገሩ ሽማግሌዎች በዓይናቸው አይተዋል። ዘሯን ለማቆየት እንደ አንዳሳ ባሉ የምርምር ማዕከላት መድከም ያስፈለገው ከሳሳ በኋላ ነው። የዓሣው ነገር ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ላሟ ስትጠፋ ትታያለች፣ ዓሣው ግን ከውኃ በታች ስለሆነ ሲጠፋ አይታይም።

ካርፕና ዘመዶቹ

ካርፕ በዓለም ላይ በእርባታ እጅግ ከተስፋፉት የጨው አልባ ውኃ ዓሦች አንዱ ነው። ቻይናውያን ከጥንት ዘመን ጀምሮ ያረቡታል። ወደ አገራችንም ከውጭ ገብቶ ዛሬ በቆቃና በዝዋይ ሐይቅ በብዛት ከሚሰገሩት ዓሦች መካከል ይቆጠራል። ነገር ግን የካርፕ ወገን ሰፊ ነው። በጣና ዳርቻ ነጭ ዓሣ እየተባሉ የሚጠሩት፣ በሳይንሱ ስም ላቤዎባርበስ የሚባሉት ዓሦች የዚሁ ወገን ናቸው። የጣና ካርፖች ብንላቸው ከእውነት አንርቅም።

ምርምሩን ለመረዳት ጥቂት ቃላት ያስፈልጉናል። እያንዳንዱ ፍጡር ከእናቱና ከአባቱ የሚወርሰው የተፈጥሮ መልእክት ዘረ መል ይባላል። ዘረ መሎች ተደርድረው የሚገኙባቸው ክሮች ክሮሞሶም፣ መልእክቱ በሙሉ ተጠቃሎ ሲታይ ደግሞ ጂኖም ይባላል። ዘረ መል እንደ ፊደል ቢመሰል፣ ክሮሞሶም እንደ ምዕራፍ፣ ጂኖም እንደ ሙሉ መጽሐፍ ነው።

የሰው ልጅ 46 ክሮሞሶሞች አሉት። በጣና የሚገኙት ትናንሾቹ ባርበሶች 50 አሏቸው። ካርፕ 100 አለው። ትልልቆቹ የጣና ነጭ ዓሦች ግን 150 አሏቸው። ይህን የኢትዮጵያ ዓሦች ቁጥር ያጠኑት የሩስያ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል። የካርፕ ሙሉ ጂኖም ደግሞ በቻይና ተመራማሪዎች መሪነት ተነቦ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሲሆን፣ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ዘረ መሎች ተቆጥረውበታል። ካርፕ በጥንት ዘመን ከሁለት የተለያዩ የዓሣ ዘሮች መዳቀል የተገኘ መሆኑም በዚሁ ጥናት ታይቷል። እንግዲህ በርብና በጉማራ በክረምት ሽቅብ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በዓለም ከታወቀው ካርፕ የሚበልጥ የክሮሞሶም ቁጥር የያዘ፣ ገና ተነቦ ያላለቀ መጽሐፍ ነው።

ሁለት ምርምሮች፣ ሁለት ውጤቶች

ዘር ሲጠብና ሲሰፋ ምን እንደሚሆን ሁለት የታወቁ ምርምሮች ያስተምሩናል።

የመጀመሪያው በእስራኤል የተደረገ ነው። ሞአቭና ወልፋርት የተባሉ ተመራማሪዎች በእርባታ ከቆየ የካርፕ ዘር ውስጥ ፈጥነው የሚያድጉትን እየመረጡ አምስት ትውልድ አራቡ። ዕድገቱ ግን አልጨመረም። በአንጻሩ ዘግይተው የሚያድጉትን እየመረጡ ሲያራቡ ትውልዱ እየዘገየ ሄደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ታትሟል። ያ ዘር ለረጅም ጊዜ በእርባታ ውስጥ ተዘግቶ የኖረ በመሆኑ ለተሻለ ዕድገት የሚመረጥ ልዩነት አልቀረለትም ነበር። የተሻለ ዕድገት የተገኘው ከሌላ አገር ከመጣ የካርፕ ዘር ጋር በማዳቀል ነው።

ሁለተኛው በሕንድ የተደረገ ነው። ሕንዳውያን ሮሁ የሚባለውን የካርፕ ወገን ዓሣ ለማሻሻል ከኖርዌይ ባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራ ሲጀምሩ አስቀድመው የሄዱት ወደ ወንዞች ነው። ከጋንጅ፣ ከያሙና፣ ከብራህማፑትራ፣ ከሱትለጅና ከጎምቲ ወንዞች የዱር ሮሁ ሰብስበው ከእርባታው ዘር ጋር አንድ ላይ አደረጉት። ከዚህ ሰፊ መሠረት በመምረጥ ጃያንቲ የተባለውን ዘር አወጡ፤ ዕድገቱም በየትውልዱ በአማካይ 17 በመቶ ገደማ ጨመረ።

ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ምርምር የሚመርጠው ካለው ላይ ነው፤ የሌለውን አይመርጥም። የኩሬ ዘር ሲደክም የሚታደሰው ከወንዝ ነው። ወንዙ ባዶ ከሆነ ግን ቤተ ሙከራው የሚያበጀው ነገር አይኖርም።

የእኛ ወንዞች

በጣና ሐይቅ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነዚህም ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን እያደኑ የሚበሉ ናቸው፤ ይህ በካርፕ ወገን ዘንድ እምብዛም ያልተለመደ ጠባይ ነው። በርካቶቹ ዝርያዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና አርኖ ጋርኖ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። ንጹሕ ውኃና ጠጠር ካለበት ገባር ደርሰው እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረ መል ጥናት በእነዚህ ዝርያዎች መካከል ያለው የዘረ መል ልዩነት እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳይቷል። በአፋቸው ቅርጽ፣ በምግባቸውና በአካላቸው ይለያያሉ፤ በዘረ መላቸው ግን እንደ አንድ ቤት ልጆች ይቀራረባሉ። ይህ ጥናት ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። በመካከላቸው ያለው ግንብ ስስ ነውና፣ ለያይተው ከሚያቆዩአቸው ነገሮች መካከል እያንዳንዱ የሚራባበት ወቅትና ስፍራ አንዱ ነው። ወንዙ ሲዘጋ ወይም ጠጠሩ ሲነሣ ከዓሣው ቁጥር ጋር ይህ አጥርም አብሮ ይፈርሳል።

የቀረሶም ነገር እንዲሁ ነው። ቀረሶ በናይል ተፋሰስና ከዚያም ውጭ በብዙ አገር የሚገኝ ዓሣ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት የጣናው ቀረሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ መሆኑን ገልጦ በጣና ስም ሰይሞታል። ከሌላ ሐይቅ የመጣ ቀረሶ ከጣናው ጋር ይዳቀላል፤ ከተዳቀለም በኋላ መልሶ ማጥራት አይቻልም።

የራሳችን ታሪክ

ስለዚህ ጉዳይ ስንጽፍ ከራሳችን መጀመር ይገባናል። ቀድሞ በጣና ዓሣ የሚሰገረው በደንገል ታንኳ፣ በዳርቻው አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የጣና ሐይቅ ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ሞተር ያላቸውን ጀልባዎችና ከናይሎን የተሠሩ መረቦችን አስገባ። በዚህ ፕሮግራም ከመንግሥትና በኔዘርላንድስ ኡርክ ከተማ ካለው የአብያተ ክርስቲያናት የተራድኦ ድርጅት ጋር ቤተ ክርስቲያናችን ተሳትፋለች። ዓላማው ድሀውን አጥማጅ መርዳት ነበር፤ ብዙ ቤተ ሰብም በርግጥ ተረድቶበታል።

ነገር ግን መረቡ ከዳርቻው ርቆ ወደ ወንዞቹ መግቢያ ሲደርስ፣ ለመራባት ተሰብስበው የሚጠብቁትን ዓሦች ባንድ ጊዜ ያፍስ ጀመር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተደረገው ክትትል ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። በወንዞቹም ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በመጨመር ዓሣን ማደንዘዝ፣ አሸዋና ጠጠር ማውጣት፣ ወንዙን ለመስኖ መጥለፍ ተጨምሮበታል። መልካም አሳብ ያለ ዕውቀት ሲሠራ የሚያስከትለውን ጉዳት ከዚህ እንማራለን፤ አሁን ስለ ኩሬ ስንመክር ያንኑ ስሕተት በሌላ መልክ እንዳንደግም ያሰጋናል።

የሚያሰጋንም በምክንያት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብ ሞልቶ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀበትን ጊዜ የማያስታውስ የለም። በእንዲህ ያለ ክረምት የኩሬ ግድግዳ አይታይም፤ ኩሬው፣ የሩዝ ማሳው፣ የወላላና የሸሸር ረግረግ፣ ወንዙና ሐይቁ አንድ ውኃ ይሆናሉ። ስለዚህ በፎገራ ሜዳ ኩሬ ውስጥ የገባ ዓሣ ጣና ውስጥ እንደ ገባ መቆጠር አለበት። የውጭው ካርፕ ደግሞ ጭቃውን እየቆፈረ ውኃውን የሚያደፈርስ፣ የውኃ ውስጥ ተክልን የሚነቅል፣ የሌሎችን ዓሦች እንቁላልም የሚበላ ነው። በዝዋይ የለመደው ዓሣ በጣና አይለምድም የሚል ማረጋገጫ የለንም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ጫጩት ከመግዛታችን በፊት ምንጩን እንጠይቅ። በጣና ተፋሰስ ለሚቆፈር ኩሬ የሚስማማው ከዚሁ ከጣና የተገኘ ቀረሶ ነው። ምክር ለማግኘት የወረዳውን የእንስሳትና ዓሣ ባለሙያ፣ በባሕር ዳር የሚገኘውንም የዓሣ ምርምር ማዕከል እንጠይቅ። ከሌላ ተፋሰስ የመጣ ካርፕም ሆነ ቀረሶ በነፃ ቢሰጠንም እንኳ አንቀበል።

ሁለተኛ፤ የኩሬውን ዘር አናጥብብ። ከሁለትና ከሦስት ጥንድ የተነሣ ኩሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወንድምና እኅት የሚዳቀሉበት ይሆናል። በዘር እርባታ ትምህርት እንደ ዝቅተኛ መነሻ የሚወሰደው ወንዱና ሴቱ ተመጣጥኖ 50 ወላጅ ነው። ይህን ማሟላት የማይችል አጥቢያ የራሱን ጫጩት ከማባዛት ይልቅ ከማባዣ ማዕከል ቢያመጣ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ትልቁን ለገበያ፣ ትንሹን ለዘር አንተው። የሩዙን ምርጥ ዛላ በልቶ ገለባውን የሚዘራ ገበሬ የለም። በኩሬ ግን ትልልቁ ዓሣ ሁሉ ተሽጦ የቀረው ደቃቃ ሲራባ ይኖራል፤ ይህም በእስራኤሉ ምርምር እንዳየነው የድክመትን ዘር መምረጥ ነው።

አራተኛ፤ በክረምት ወንዙን እንጠብቅ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዞቹ መግቢያ ወርዱን ዘግቶ መረብ መጣል፣ ብርብራ መጨመር፣ ዓሣው እንቁላል ከሚጥልበት ስፍራ ጠጠር ማውጣት እንዲቀር ካህናት በዐውደ ምሕረት ያስተምሩ፤ የንስሓ አባቶችም የንስሓ ልጆቻቸውን ይምከሩ። በገዳማትና በአድባራት ዙሪያ ያለውን ዛፍ መቁረጥ ነውር ሆኖ የቆየው በሕግ ከመከልከሉ አስቀድሞ በአባቶች ቃል ስለ ተጠበቀ ነው። ወንዙም ይህን ጥበቃ ይሻል። ይሁን እንጂ ከመረቡ ውጪ ሌላ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው ከልክሎ ዝም ማለት አይገባም፤ በእነዚያ ወራት በአጥቢያው የልማት ሥራ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን የባሕር ፍጥረታት በዕለተ ሐሙስ በየወገናቸው እንደ ተፈጠሩ እንማራለን። አዳምም ገነትን የተቀበለው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። ኩሬ መቆፈር ማበጀት ነው፤ ወንዙን መጠበቅ ደግሞ ሁለተኛው የትእዛዙ ክፍል ነው። አንዱን ይዘን ሌላውን ብንተው ለልጆቻችን የምናወርሰው ውኃ እንጂ ዓሣ አይሆንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን አቅራቢያ በክረምት ነጭ ዓሣ የሚወጣበት ወንዝ ወይም ገባር የትኛው ነው? ሽማግሌዎች በልጅነታቸው ያዩትና ዛሬ የሚታየው መጠን እንዴት ይነጻጸራል?

2. በአጥቢያችን ወይም በአካባቢያችን ኩሬ ካለ ጫጩቱ ከየት መጣ? የ1998ቱን ዓይነት ጎርፍ ቢመጣ ውኃው ወዴት ይሄዳል?

3. በመራቢያው ወራት መረባቸውን ለሚያነሡ አጥማጆች ሰበካ ጉባኤያችን ምን ሊያደርግላቸው ይችላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።