የጨረታ መልስ አጻጻፍ፦ ግልጽነትም አማና ነው



ብዙዎቻችን ከምረቃ በኋላ፣ አንዳንዶቻችንም ገና ተማሪ ሳለን፣ ተደራጅተን ሥራ እንወስዳለን። አንድ ድርጅት የሶላር ወይም የኔትወርክ ዝርጋታ ሲፈልግ መስፈርቱን ዘርዝሮ ፕሮፖዛል እንድናቀርብ ይጠይቃል። የምንሰጠው መልስ ማስታወቂያ ሳይሆን ቃል ኪዳን ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282፣ በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የዱቤ ውልን ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው ከመጻፍ እንዳንሰለች አዞናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሻጭና ገዥ እውነት ተናግረው ነገሩን ግልጽ ካደረጉ ግብይታቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን በረካው እንደሚነሳ አስተምረዋል፤ ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የሰነድ አቀራረብም እንዲሁ ይገልጣል ወይም ይደብቃል።

እንግዲህ እንዴት እንጻፍ?

1. በጠያቂው ቅደም ተከተል፦ ጥያቄው 3.2 ከሆነ መልሱም 3.2 ይሁን። ገምጋሚው የብዙ ተጫራቾችን ሰነድ በአንድ መስፈርት ያያል፤ ያላገኘውን ነጥብ አይሰጥበትም።

2. መልሱ ይቅደም፦ ከፊት ባለሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ እናድርግ፤ መስፈርት፣ መልስ፣ ማስረጃው ያለበት ገጽ። መልሱ «እናሟላለን»፣ «በከፊል» ወይም «አናሟላም» ይሁን። 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ተጠይቆ እኛ የምናቀርበው 3 ኪሎ ዋት ከሆነ እዚሁ እንጻፈው። አባሪ ውስጥ ቀብሮ «ጽፌ ነበር» ማለት ማታለል ነው።

3. በቅጽል ፋንታ ቁጥር፦ «አስተማማኝ ጥገና» ምንም አይነግርም። «የ12 ወር ዋስትና፤ በተጠራን በ48 ሰዓት ውስጥ እንደርሳለን» ግን ሊጠየቁበት የሚቻል ቃል ነው።

4. ዋጋ፦ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተት አለመካተቱ፣ ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ። በዋጋው ያልተካተተ ነገር (መጓጓዣ፣ ቁፋሮ) ከሠንጠረዡ ሥር፣ በእኩል የፊደል መጠን ይጻፍ። ቴክኒካልና ፋይናንሻል በተለያየ ፖስታ ከተባለ ዋጋ በቴክኒካሉ ውስጥ አይግባ፤ ከውድድር ሊያስወጣ ይችላል።

5. ቀንና ፊደል፦ ዓ.ም ወይስ እ.ኤ.አ? 4 ሰዓት የጠዋት ነው የማታ? ይለይ። ፋይሉ በፒዲኤፍ ይላክ፤ የግዕዝ ፊደሉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዳይበላሽ።

ከማስገባታችን በፊት ከሌላ ዲፓርትመንት ለሆነ ጓደኛ እናስነብበው። ምን እንሠራለን? በስንት? ምን አንሠራም? ሦስቱን ወዲያው ካላገኘ እናስተካክለው። «አናሟላም» ብለን ጨረታ ልናጣ እንችላለን፤ ሪዝቅ ግን ከአላህ ነው፣ መደበቅም አይጨምረውም።

አላህ ሥራችንን በኢኽላስና በኢሕሳን የምንሠራ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።