ፊልትሮው በየቀኑ ሲያጸዳ፦ ስለ ጭነት ኪራይ ትንሽ ትምህርት

ዛሬ የቡናና የሰሊጥ ዋጋ ይቆየንና ስለ መኪና እናውራ። ከርዕሳችን የወጣን እንዳይመስላችሁ፤ ከቃሊቲ ጅቡቲ የሚወርድ ኮንቴይነር ኪራይ ከዚያው ከኪሎ ዋጋችን ላይ ነው የሚቆረጠው።

አቃቂ ቃሊቲ ካሉ ባለመኪኖች ጋር ሳወራ አዳዲስ ሞዴል የያዙት አንድ ነገር ይደጋግሙልኛል፦ የጭስ ፊልትሮው መብራት ቶሎ ቶሎ ይበራል። የቆዩት መኪኖቻችን ይህ ዕቃ የላቸውም። አውሮፓ ግን በእነሱ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ ለአዲስ ከባድ መኪና ዩሮ 6ን ግዴታ ስላደረገች ለዚያ ገበያ የተሠሩት ይዘውት ይመጣሉ።

ፊልትሮው ማለት ጥላሸት የሚይዝ የሸክላ ወንፊት ነው። መኪናው ጭኖ ረጅም መንገድ ሲሄድ ጭሱ ይግልና ጥላሸቱን በራሱ ያቃጥለዋል። ካልጋለ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ረጭቶ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ያደርሰዋል። ያ ናፍጣ ጎማ አያዞርም፤ ሂሳቡ ግን ኪራይ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩልኝ። ከመጋዘን መጋዘን የሚመላለስ፣ ወረፋ ላይ በሚኒሞ ሲንተከተክ የሚውል መኪና ቶሎ ቶሎ ቢያጸዳ አይገርምም። ጭሱ አይግልም፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩም ስስ ነው። በአዳማና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ መኪና በየቀኑ ካጸዳ ግን ጥላሸት የሚያበዛ ብልሽት ሞተሩ ላይ አለ ማለት ነው። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይሆናል፣ ወይም ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄደው ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ያፈሳል፣ ወይም ቱርቦው ዘይት ያስገባል። አንዳንዴ ደግሞ ግፊት የሚለካው ሴንሰር ቀጭን ቱቦዎቹ ተደፍነው ሐሰት ያነባል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ይሄንን አስፈትሻለሁ፤ ርካሹ እሱ ነው።

የዘይቱም ነገር አለ። ጥላሸት ይቃጠላል፤ ከሞተር ዘይት የሚቀረው አመድ ግን አይቃጠልም። አመዱ ሲጠራቀም ቦታው ይጠባል፣ ጽዳቱም ይደጋገማል። ያን ጊዜ ፊልትሮው ተፈቶ በማሽን መጽዳት አለበት። አምራቹ የሚጠይቀው አመዱ ያነሰ ዘይት ነው፤ ለብዙዎቹ በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ተጽፏል። ናፍጣውም ላይ ድኝ ከበዛ ካታሊስቱን ያደክመዋል፤ እነዚህ መኪኖች የተሠሩት ድኙ በሚሊዮን ከ10 እጅ ለማይበልጥ ናፍጣ ነው።

ጋራዥ ውስጥ «ውስጡን ፈልፍለን እናውጣው» የሚል አይጠፋም። መብራቱ ይጠፋ ይሆናል፤ ኢንጀክተሩ ግን ማንጠባጠቡን ይቀጥላል፣ ጭሱንም የምንተነፍሰው እኛው ነን።

ዩኒየኖችና ኤክስፖርተሮች፣ ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ትራንስፖርተሩን ፊልትሮው መቼ ተፈቶ እንደጸዳና ምን ዘይት እንደሚጠቀም ጠይቁት። ሹፌሩ መንገድ ላይ ለጽዳት ግማሽ ሰዓት ልቁም ካለ አታጣድፉት። በተደጋጋሚ የተቋረጠ ጽዳት መጨረሻው ኮምፒውተሩ ጉልበት መቀነሱ ነው፤ ያኔ ኮንቴይነሩ መርከቡ ላይ ሳይደርስ ይቀራል።

መጋዘን ያላችሁ ደግሞ፦ ቆሞ የሚያጸዳ መኪና ጭስ ማውጫው በጣም ይግላል። ገለባ፣ የቡና ገፈትና ባዶ ጆንያ ካለበት አርቁት፤ ከመጫኑ በፊት ግቢ ውስጥ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ይጨርስ።