በማን ደጅ ይቀበር?

ስለ ኑክሌር ኃይል ሲወራ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው የቼርኖቤልንና የፉኩሺማን አደጋ ነው። ማመንጫው ዕድሜውን ሙሉ ያለ አንዳች አደጋ ቢሠራ እንኳ የማይቀር ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ ያገለገለው ነዳጅ የት ይቀመጣል?

ነዳጁ የጣት ጫፍ በሚያህሉ ጠጣር የዩራኒየም እንክብሎች የተሠራ ነው። እንክብሎቹ በረጃጅም ቱቦዎች ተደርድረው ሬአክተሩ ውስጥ ይገባሉ። እዚያም የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሙቀት ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱም ተርባይን ያዞራል። ነዳጁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲወጣ መልኩ ብዙም አይለወጥም፤ ውስጡ ግን ኃይለኛ ጨረር በሚረጩ ንጥረ ነገሮች ተሞልቷል። ከእነዚህ መካከል ሲዚየም 137 እና ስትሮንቲየም 90 በየ30 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንሱ በጥቂት መቶ ዓመታት ይዳከማሉ። ፕሉቶኒየም 239 ግን በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 24 ሺህ ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

ጨረሩ ሙቀትም ያመነጫል። የቆመ ሬአክተር እሳቱ ጠፍቶ ረመጡ እንዳልበረደ ምድጃ ነው፤ በቆመበት ቅጽበት እንኳ ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ የሚያህል ሙቀት ይቀረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፉኩሺማ ላይ በሥራ ላይ የነበሩት ሬአክተሮች ምድር እንደተንቀጠቀጠች ወዲያው ቆመው ነበር። ተከትሎት የመጣው ሱናሚ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን ሲያጥለቀልቃቸው ግን የማቀዝቀዣውን ውኃ የሚገፋ ኃይል ጠፋና የሦስት ሬአክተሮች ነዳጅ ቀለጠ።

ያገለገለ ነዳጅ መጀመሪያ ጥልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ውኃው ነዳጁን ያቀዘቅዛል፤ ጨረሩንም ይጋርዳል። ከዚያ በኋላ ነዳጁ አየር ብቻ ወደሚያቀዘቅዘው የብረትና የኮንክሪት መያዣ ይዛወራል። ይህ ዘዴ ለአሥርት ዓመታት ይበጃል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ጠባቂና ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። አሥር ሺህ ዓመት በጥበቃ ላይ የሚቆይ መንግሥት ደግሞ የለም። ስለዚህ አብዛኞቹ የዘርፉ ባለሙያዎች ጠባቂ የማያስፈልገው ጥልቅ ዓለት ውስጥ መቅበርን ይመርጣሉ።

ተፈጥሮም ለዚህ ምስክር አላት። በጋቦን ኦክሎ በተባለ ስፍራ የሚገኝ የዩራኒየም ማዕድን ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያለ ሰው እጅ እንደ ሬአክተር ሠርቶ ነበር። ፈረንሳውያን ሳይንቲስቶች ይህን በ1972 ሲደርሱበት፣ ያኔ ከተፈጠሩት ንጥረ ነገሮች ብዙዎቹ ከስፍራቸው እምብዛም እንዳልራቁ ተረዱ።

የሚቀጥለው ጥያቄ በማን ዓለት ውስጥ ይቀበር የሚለው ነው። አሜሪካ በ1982 ሕግ አውጥታ መንግሥት ከ1998 ጀምሮ ነዳጁን እንደሚረከብ ቃል ገባች፤ ለወጪውም ማመንጫዎቹን በእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የአንድ ሳንቲም አንድ አሥረኛ ማስከፈል ጀመረች። በ1987 ግን የአገሪቱ ምክር ቤት ሌሎቹን አማራጭ ቦታዎች ትቶ ጥናቱ በኔቫዳው ዩካ ተራራ ላይ ብቻ እንዲካሄድ ወሰነ። ኔቫዳ አንድም የኑክሌር ማመንጫ የላትም፤ ከ1951 እስከ 1992 ግን የአቶም ቦምብ ሲሞከርባት የኖረች ግዛት ናት። የዝናብ ውኃ በተራራው ዓለት ስንጥቆች ምን ያህል ፈጥኖ ይወርዳል የሚለው የሳይንስ ክርክርም ነበር። በ2002 የግዛቷ ገዥ ቢቃወሙም ምክር ቤቱ ተቃውሟቸውን ሽሮ ቦታውን አጸደቀ። ሥራው ግን በ2010 ቆመ። ዛሬ 90 ሺህ ቶን የሚያህል ያገለገለ ነዳጅ በብዙ ግዛቶች፣ በአብዛኛው እዚያው በማመንጫዎቹ ግቢ ተቀምጧል። መንግሥትም ቃሉን ባለመጠበቁ ለኩባንያዎች በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ካሳ ከፍሏል።

ፊንላንድ ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው። በ1987 ያወጣችው ሕግ ቦታው የሚመረጥበት ወረዳ «አይሆንም» የማለት መብት እንዲኖረው አደረገ። ወጪውን ደግሞ ማመንጫዎቹ አስቀድመው ለመንግሥት ፈንድ ያስገባሉ። ዩራዮኪ የተባለው ወረዳ ምክር ቤት በ2000 ተስማማ፤ ፓርላማው በ2001 አጸደቀ፤ ቁፋሮውም በ2004 ተጀመረ። ዕቅዱ ነዳጁን በመዳብ መያዣ አሽጎ፣ ውኃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ ከቦ፣ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ጥንታዊ ዓለት ውስጥ ማኖር ነው። ዩራዮኪ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማመንጫ ያለበት፣ በሥራውም በግብሩም የተጠቀመ ወረዳ በመሆኑ ነገሩ እንደቀለለ መዘንጋት የለበትም። ቢሆንም እምቢ የማለት መብት ስለነበረው እሺታው ክብደት አገኘ።

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2019 ከሩሲያ ጋር በኑክሌር ኃይል ሰላማዊ አጠቃቀም የትብብር ስምምነት ተፈራርማለች። ማመንጫ የሚያስብ አገር ሁሉ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ሦስት ነገሮችን በሕግ መቋጨት አለበት፦ ያገለገለውን ነዳጅ ማን ይረከባል፣ የመቅበሪያውን ገንዘብ ከመጀመሪያው ኪሎ ዋት ሰዓት ጀምሮ ማን ያጠራቅማል፣ «አይሆንም» የማለት ሥልጣንስ የማን ነው። ሦስተኛውን የዘለለ አገር ሁለቱን ቢመልስም ኔቫዳ ላይ የሆነው ሊገጥመው ይችላል።