የጠፋች ዕቃ ፍለጋ፦ አሮጌ የጀልባ ሞተር እንዴት ይነሣል?

የዚህ ዕትም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምዳችን ስለ ጀልባ ሞተር ነው። አዲስ ሞተር ግን እንዳይመስላችሁ። ዝገት የበላው፣ ከፊሉ ዕቃው የጠፋበት የአያቶቻችን ዘመን ሞተር ነው። «እሱ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ አትጠፉም። አንብቡትና ቤታችሁ ጥግ ላይ ስለተጣለው ብስክሌት ወይም ሬዲዮ ታስባላችሁ።

ጣና ወይም ሐዋሳ ሐይቅ የሄደ ሰው ይህን ሞተር ሳያየው አይቀርም። ከጀልባው በስተኋላ ይታሠራል፤ ላዩ ከውሃ በላይ፣ ታቹ ውሃ ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛ አውትቦርድ ይሉታል፤ ከጀልባው አካል ውጭ ያለ ማለት ነው። ላይኛው ክፍል ቤንዚን ያቃጥላል። ከእሱ ረጅም ዘንግ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዘንጉ ታች ያለውን ማርሽ ያዞራል፤ ማርሹ ደግሞ ፕሮፔለሩን ያሽከረክራል። አለቀ፣ ጀልባዋ ሄደች!

እንዲህ ያለውን ሞተር ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ካደረጉት አንዱ ኦሌ ኢቪንሩድ ነው። ኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ የገባ ሰው ነው። እንደሚተረከው ከሆነ፣ በሞቃት ቀን ለወዳጁ ለቤስ አይስክሬም ሊያመጣ ሐይቁን በመቅዘፊያ ተሻገረ፤ እስኪመለስ ግን አይስክሬሙ ቀለጠ። ሐሳቡ የመጣለት ያኔ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ቤስ ሚስቱ ሆነች፤ የንግዱንም ሥራ ትመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ሚልዋኪ በምትባል ከተማ ለገበያ ያቀረበው ሞተር አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ክብደቱም 28 ኪሎ ያህል ነበር። አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል ማለት ነው።

ከኢቪንሩድ ሌላ ጆንሰን የሚባልም ታዋቂ ሞተር ነበረ። ዛሬ ሁለቱም አይመረቱም፤ የኢቪንሩድ ምርት የቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ከአያቱ ጎተራ አሮጌ ሞተር ያገኘ ሰው ወደ ፋብሪካው ሄዶ «ይቺ ጎደለችኝ» ማለት አይችልም። ታዲያ ዕቃው ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ወዲያው ገበያ ይሮጣል። እኔ ግን ትክክለኛው መጀመሪያ ገበያ አይመስለኝም፤ ሞተሩ ራሱ ነው። ሞተሩ ላይ የሞዴሉና የተሠራበት ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶበት ወይም ቆሽሾ ሊሆን ስለሚችል በቀስታ ይጸዳል። በሽቦ ብሩሽ ከፈገፈጋችሁት ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል! ያለ ቁጥሩ ዕቃ የሚሸጥላችሁ ሰው በግምት ነው የሚሸጥላችሁ።

ቁጥሩ ራሱ እንዴት እንደሚያሳስት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1949 ጆንሰን «ኪው ዲ 10» የሚባል ሞተር አወጣ። ጉልበቱ 10 የፈረስ ጉልበት ስለነበረ ሰው «10» የሚለው ጉልበቱን የሚናገር ይመስለዋል። አይደለም። ቀጥሎ «ኪው ዲ 11» መጣ፤ ጉልበቱ ግን ያው 10 ነው። ቁጥሩ የሚናገረው የሞዴሉን ተራ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የሌላ ዓመት ዕቃ ገዝቶ ቤቱ ይገባል።

ሞዴሉ ከታወቀ በኋላ የዕቃ ዝርዝር መጽሐፉ ይፈለጋል። በመጽሐፉ ውስጥ ሞተሩ እያንዳንዱ ቡሎንና ዳዶ ተለያይቶ አየር ላይ የተበተነ መስሎ ተሥሏል፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር አለው። ሥዕሉን ከሞተሩ ጋር ስታመሳክሩ የጎደለው በሙሉ ይወጣል፤ መኖሩን የማታውቁት ዕቃ ጭምር። ሌላም ምሥጢር አለ፤ አንድ የዕቃ ቁጥር በብዙ ሞዴሎች ሊገኝ ይችላል። በ1950ዎቹ የተሠሩ ብዙ ትናንሽ የጆንሰንና የኢቪንሩድ ሞተሮች ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ኮይል ይጋሩ ነበር። ስሙ ሌላ፣ ዕቃው አንድ!

ከዚህ በኋላ ገበያ መውጣት ይቻላል። የእኛ ሰው ያገለገለ የመኪና ዕቃ ሲፈልግ መርካቶ ሶማሌ ተራ እንደሚወርደው ማለት ነው። ሰብሳቢዎቹ ሁለተኛ የሞተ ሞተር ይገዙና ከሁለቱ አንድ ደህና ያወጣሉ። አንቲክ አውትቦርድ ሞተር ክለብ የሚባልም አላቸው፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። አባላቱ ሐይቅ ዳር እየተሰበሰቡ ሞተሮቻቸውን ያስነሣሉ፤ ዕቃም ይለዋወጣሉ።

ሁሉም ዕቃ ግን የግድ ከአሮጌ ሞተር አይወጣም። ኩሽኔታ የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከጠፋ የውስጡ ዲያሜትር፣ የውጭው ዲያሜትርና ውፍረቱ በካሊፐር ይለካል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ዲያሜትር ምን ይሠራልናል?» ያላችሁ መልሱ ይኸውላችሁ። ጓርኒሲዮን ከወረቀቱ ተቆርጦ ይሠራል። ቀላል ቁራጭ ብረት ደግሞ ቶርኖ ቤት ይወጣል፤ ናሙና ወይም ልክ ካለ።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፤ ምትክ የማይወዱ ዕቃዎች አሉ። ከላይ ያነሣነው «ኪው ዲ 10» የቤንዚን ታንኩ ከሞተሩ ተለይቶ ጀልባው ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ለብቻው ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል። ሞተሩና ታንኩ የሚገናኙት ጎን ለጎን በተጣበቁ ሁለት ጎማዎች ነው። «ለምን ሁለት?» በሉ። ሞተሩ የቤንዚን ፓምፕ የለውም። ፒስተኑ ሲወርድ ከሥሩ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ ያ አየር በአንደኛው ጎማ ወደ ታንኩ ይገባና ቤንዚኑን ይገፋል፤ ቤንዚኑም በሁለተኛው ጎማ ወደ ካርቡሬተሩ ይመጣል። የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ስትጨምቁት ውሃው እንደሚወጣው ነው።

እንግዲህ ይህን ያላወቀ ሰው የዘመኑን ባለ አንድ ጎማ ታንክ ገዝቶ ቢያገናኝ ሞተሩ ቤንዚን አያገኝም። ገመዱን ሲጎትት ይውላል እንጂ! የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ዋናው ታንክ ተገኝቶ ዝገት ከበሳው ወይም ጎማው ከተሰነጠቀ፣ ግፊት ስላለው ቤንዚኑ ጀልባው ውስጥ ይረጫል። ከሞቀ ሞተር አጠገብ ቤንዚን ማለት እሳት ነው፤ በዙሪያችሁ ደግሞ ውሃ ነው፤ ወዴት ይሮጣል? ስለዚህ ወይ ትክክለኛው ታንክ ተገኝቶ ማሸጊያውና ጎማው በአዲስ ይቀየራል፣ ወይ ደግሞ በባለሙያ ፓምፕ ይገጠምለታል።

ሁለተኛዋ ከጣት ያነሰች ፒን ናት። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምትይዘው እሷ ናት። ከለስላሳ ብረት የተሠራችው በስስት አይደለም፤ እንድትሰበር ነው። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ፒኗ ትቆረጣለች፤ ውስጥ ያለው ማርሽ ግን ይተርፋል። ፒኗ የጠፋችበት ሰው «ጠንካራ ብረት ይሻላል» ብሎ የጠነከረ የብረት ቁራጭ ቢከትበት፣ ድንጋዩን የመታ ዕለት የሚሰበረው ማርሹ ነው። ማርሹን ደግሞ ፈልጎ ማግኘት እንደ ፒኗ ቀላል አይደለም። አስተዋይ ባለጀልባ ትርፍ ፒን ይዞ ነው ሐይቅ የሚገባው።

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች፦ «ኪው ዲ 11» ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? ባለ ሁለት ጎማው ታንክ ክዳኑ በደንብ ባይዘጋ ሞተሩ ምን ይሆናል? ለምን? መልሳችሁን ከነስማችሁና ክፍላችሁ ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ትክክለኛውን መልስ በሰልፍ ሰዓት እናነባለን።