የሲሊንደር ጋዝ ለምን ፈሳሽ ሆነ?

ናይሮቢ ውስጥ በብዙዎቻችን ቤት ወጥ የሚሠራው በሲሊንደር ጋዝ ነው። ሲሊንደሩ ሲነሳ ግን ውስጡ እንደ ውሃ ይንቦጫቦጫል። ጋዝ ከሆነ፣ ይህ ፈሳሽ ከየት መጣ?

ከምናውቀው ከምጣድ እንጀምር። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲፈስ ውሃው ሙቀት ወስዶ ይተናል። ተኑ ቀዝቀዝ ያለውን አክንባሎ ሲነካ ሙቀቱን ይለቅና ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። እንግዲህ ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ተን ወደ ፈሳሽ ሲመለስ የወሰደውን ይመልሳል።

ጋዝን ፈሳሽ የሚያደርገው ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም፤ ግፊትም ያደርገዋል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚሞላው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቡቴን ደግሞ በዜሮ አካባቢ ስለሚፈሉ በናይሮቢ አየር ሁለቱም ጋዝ ናቸው። በግፊት ሲታመቁ ግን ፈሳሽ ይሆናሉ። 1 ሊትር ፈሳሽ ሲተን 250 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል። አንድ ባለ 13 ኪሎ ሲሊንደር ለሳምንታት የሚያገለግለን ለዚህ ነው።

ምድጃውን ስንከፍት ግፊቱ ይቀንስና ፈሳሹ መትነን ይጀምራል። የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ከራሱ ከሲሊንደሩ ነው። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ሲበስልበት ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተንም በላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ውስጡ ፈሳሽ ይተናል፣ ውጪው ላይ ተን ፈሳሽ ይሆናል። ጤዛው የደረሰበት ከፍታ ምን ያህል ፈሳሽ እንደቀረ ይጠቁመናል።

ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2024 በናይሮቢ ኢምባካሲ ሰፈር ጋዝ የጫነ መኪና ፈንድቶ ሰዎች ሞተዋል፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ቆስለዋል። ስለዚህ በየቤታችን እነዚህን እንጠብቅ፦

1. ሲሊንደሩ ምንጊዜም ቀጥ ብሎ ይቁም። ከተጋደመ በጋዙ ፈንታ ፈሳሹ ይወጣና 250 እጥፍ ይሰፋል።
2. ከፀሐይና ከእሳት ይራቅ። ሙቀት ሲጨምር በውስጡ ያለው ግፊትም ይጨምራል።
3. ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። የሚሸተን ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ማስጠንቀቂያ ነው። ከሸተተን ክብሪት አንጫር፤ መብራት አናብራ፣ አናጥፋም። የሲሊንደሩን መዝጊያ ዘግተን፣ በርና መስኮት ከፍተን እንውጣ፤ ለትልቅ ሰውም እንንገር።

ዛሬ ማታ ከወላጆቻችን ጋር ሆነን የቤታችንን ሲሊንደር እንመልከት፦ ቀጥ ብሎ ቆሟል? ጎማው አልተሰነጠቀም?