ወደ ቀድሞ መኖሪያ ከተማ ከቤተ ሰብ ጋር ስለ መመለስ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

ሰው የተወለደበትን አገር አይረሳም ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ከትውልድ አገሩ ሌላ፤ በመከራ ወይም በሥራ ምክንያት ጥቂት ዘመን የተቀመጠበት፤ እሳት አንድዶ የሞቀበት፤ ልጆቹን ያሳደገበት ከተማ ይኖረዋል። ያም ከተማ በጊዜው ቤቱ ነበረ። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ልጆቹን ይዞ ወደዚያ የሚመለስ ሰው ምን ሊሻ ይሄዳል? ምንስ ሊያደርግ ይገባዋል? የዚህ ትምህርት ነገር ይኸው ነው።

ወደ ቀድሞ መኖሪያው የሚመለስ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተወውን ሊሰበስብ ይመለሳል፤ የጥንቱን ደጅ፤ የጥንቱን ጎረቤት፤ የጥንቱን ክብር እንደ ነበረ ለማግኘት ይመኛል፤ ዘመን ሁሉን ለውጦ ስለሚቆየው ግን አዝኖ ይሄዳል። ሁለተኛው ዕዳውን ሊከፍል ይመለሳል፤ ቤቱ ቢፈርስ፤ ጎረቤቱ ቢሞት፤ የሚያመሰግነው ሰው ወይም የሚያስታውሰው ቸርነት አያጣም። ለልጆች ልናስተምር የሚገባን የሁለተኛውን መንገድ ነው።

የቀደሙት ሰዎችም ይህን ያውቁ ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው፤ ያዕቆብ ወንድሙን ኤሳውን ፈርቶ በሸሸ ጊዜ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረው በቤቴል ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ልጆቹንና ቤተ ሰቡን ሁሉ ይዞ ወደዚያው ተመልሶ መሠዊያ ሠራ፤ ብቻውን በፍርሃት ያደረበትን ስፍራ ለልጆቹ የምስጋና ስፍራ አድርጎ አሳያቸው። በእስልምናም ታሪክ የነቢዩ መሐመድ ባልደረቦች ከመካ መከራ ሸሽተው ወደ ሐበሻ እንደ መጡ፤ በንጉሡም ዘንድ ተጠግተው እንደ ኖሩ፤ ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላም የንጉሡን ደግነት ይተርኩ እንደ ነበረ ይነገራል። ስለዚህ ይህ ትምህርት በወሎ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄደውም መስጊድ ለሚሄደውም ልጅ እኩል ነው።

ስለ ባዝ ከተማ

ነገሩን በቅርብ ዘመን ታሪክ ለማስረዳት የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንና የቤተ ሰባቸውን ስደት እናነሣለን። ይህ ቤተ ሰብ ለወሎ ባዕድ አይደለም፤ የንጉሠ ነገሥቱ እናት ወይዘሮ የሺእመቤት የወሎው የደጃዝማች ዓሊ ልጅ ነበሩ፤ የእቴጌ መነንም እናት ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነበሩ።

የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ሊይዝ በቀረበ ጊዜ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ጋር በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ቅድስት አገር ተሻገሩ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ከተማ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን በደል ተናገሩ፤ ማኅበሩ ግን ከነገሩ በቀር የረዳቸው የለም። ከዚህ በኋላ በእንግሊዝ አገር በምዕራብ በኩል በምትገኘው በባዝ ከተማ፤ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ገዝተው እስከ ሰኔ 1932 ዓ.ም. ድረስ ተቀመጡበት።

ባዝ ማለት በእንግሊዝኛ መታጠቢያ ማለት ነው፤ ሮማውያን ከ1900 ዓመት በፊት ከምድር በሚፈልቀው ፍል ውሃ ላይ መታጠቢያ ሠርተውባት ነበርና። የእኛም አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፊንፊኔን ፍል ውሃ ወደው በአጠገቡ ቤት ስላሠሩ ነው። እንግዲህ ከአንድ ፍል ውሃ ከተማ የተሰደደው ቤተ ሰብ በሌላው ፍል ውሃ ከተማ ተጠጋ።

ኑሮው ግን የምቾት ኑሮ አልነበረም። ገንዘብ ስላጠረ ከአገር ይዘውት የወጡትን የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደረሱ። እቴጌ መነን ብርዱና እርጥበቱ ስላልተስማማቸው ከስደቱ ዘመን ከፊሉን በኢየሩሳሌም አሳለፉ። በቤቱ አጠገብ አትክልት የሚጠበቅበትን የመስተዋት ክፍል ጸሎት ቤት አድርገው በኢትዮጵያ ሥርዓት ይጸልዩበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የሕይወታቸውን ታሪክ ያስጻፉት በዚህ ከተማ ሳሉ ነው። ልጃቸው ልዕልት ፀሐይም በሎንዶን በሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነትን ሥራ ተማረች፤ የንጉሥ ልጅ ስትሆን የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍን አልናቀችም።

ስደተኛውን የተቀበለችው ከተማና የከተማይቱ መንግሥት ግን በአንድ ሐሳብ አልነበሩም። የባዝ ሰዎች እንግዶቹን በአክብሮት ሲያስቀምጡ፤ የእንግሊዝ መንግሥት በኅዳር 1931 ዓ.ም. የኢጣልያን ገዥነት በኢትዮጵያ ላይ አጸደቀ። ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በከፈተች ጊዜ ግን ፖለቲካው ተለወጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ወር ከባዝ ተነሥተው በግብጽ በኩል ወደ ካርቱም ሄዱ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ምድር ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ከደብረ ማርቆስ ሸሽቶ ዓባይን ተሻግሮ የነበረው የኢጣልያ ጦር በእኛ ደጋ በአጅባር እጁን ሰጠ፤ ይህን ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሎች ካሉ ለልጆች ይንገሩ።

ሁሉም ግን አልተመለሰም። ልዕልት ሮማነ ወርቅ በጠላት ተማርካ ኢጣልያ አገር በቶሪኖ ከተማ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞተች። ልዕልት ፀሐይም አገርዋ ገብታ ብዙ ሳትቆይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት ዐረፈች። እቴጌ መነን በስደት ሳሉ አገራቸው ነፃ ብትወጣ ዘውዳቸውን ለመስጠት በቤተ ልሔም በጌታ ልደት ቤተ ክርስቲያን ተስለው ነበርና ስእለታቸውን ፈጸሙ።

ከ14 ዓመት በኋላ ስለ መመለስ

ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1947 ዓ.ም. የእንግሊዝን አገር በጎበኙ ጊዜ፤ ንግሥት ኤልሣቤጥ በሎንዶን በክብር ተቀበለቻቸው። እርሳቸው ግን በዋናው ከተማ በተደረገላቸው ክብር ብቻ ረክተው አልተመለሱም፤ ወደ ባዝ ወርደው የቀድሞ ቤታቸውን አዩ። የባዝም ሹማምንት የከተማይቱን የክብር ዜግነት ሰጧቸው። ስደተኛ ሆኖ በገባበት ከተማ የከተማው ሰው ተብሎ መጠራት፤ ይህ ከብዙ ኒሻን የሚበልጥ ነገር ነው።

ከተማይቱም ቢሆን እነርሱ እንደ ተዋት አልቆየቻቸውም። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. የጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውባት ከ400 የሚበልጥ ሰው ሞቶባት ነበር። እንግዲህ ተቀባይና ተቀባዩ፤ ሁለቱም የጦርነት ቁስል ይዘው ተገናኙ።

ከዚህ ቀጥሎ የተደረገው ግን ከሁሉ ይበልጣል። በ1950 ዓ.ም. ግድም ንጉሠ ነገሥቱ የፌርፊልድን ቤት ለአረጋውያን መጠጊያ ይሆን ዘንድ ለባዝ ከተማ በስጦታ ሰጡ። ቤቱን ሸጠው ገንዘቡን መውሰድ ይችሉ ነበር፤ ዘግተውም መታሰቢያ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በችግር ጊዜ የተጠጉበት ጣራ ለሌላ ችግረኛ መጠጊያ እንዲሆን ወደዱ። በኢትዮጵያ ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ከወረደ በኋላም ስጦታው አልወረደም፤ ከካሪቢያን፤ ከእስያና ከአፍሪቃ መጥተው በባዝ ያረጁ ስደተኞች የሚሰበሰቡበት ቤት ሆነ። ስደተኛ የተወው ቤት ስደተኛን አሳረፈ።

ከዚህ ታሪክ ልናስተውል የሚገባን

ውለታን ማሰብ በደልን መርሳት አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥታት እንደ ከዱአቸው ያውቁ ነበር፤ ባዝንም አመሰገኑ። በአገር ውስጥም ንጉሡ ወጥተው መሄዳቸውን የነቀፉ አርበኞች ነበሩ፤ ይህንንም ለልጅ መደበቅ አይገባም። ታሪክን የሚያስተምር ሰው ደጉን በስሙ ክፉውንም በስሙ ሊጠራ ይገባዋል፤ ምስጋና ከእውነት ጋር ሲሆን ብቻ ይጸናልና።

ስለ አገራችን ስለ ምዕራብ ወሎ

የንጉሥ ቤተ ሰብ ታሪክ ለቦረና ገበሬ ልጅ ምን ይረዳዋል የሚል ቢኖር፤ እነሆ መልሱ። በወሎ ደጋ ስደትን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፤ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፤ ወደ ኢሉባቦር፤ ወደ ከፋ፤ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል በሠፈራ ሄዶ ነበር። የሚበዙት ወሎዬዎች ነበሩ። አንዳንዱ በፈቃዱ አንዳንዱም በግድ ሄደ፤ በመንገድና በቆላ በሽታ የሞተ አለ፤ ቆይቶ የተመለሰ አለ፤ እዚያው ወልዶ የቀረም አለ። ከዚያም ወዲህ ሥራ ፍለጋ ወደ ደሴ፤ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ብዙ ነው።

እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ለበዓል ወደ መካነ ሰላም ሲመጡ፤ ልጆቹ የአባታቸውን አገር እንደ እንግዳ ያዩታል። ደጋው ይበርዳቸዋል፤ የዘመድ ስም ይጠፋባቸዋል። ከወለጋ ተመልሶ እዚህ ያደገውም ልጅ ወላጆቹ በችግር ቀን የተጠጉበትን መንደር አያውቀውም፤ እህል አበድሮ ያዳናቸውን ጎረቤት ስም አልሰማም። አባትና እናት ሳይናገሩ ቢሞቱ ይህ ሁሉ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ መመለስ ጉዞ ብቻ አይደለም፤ ያልተነገረውን መናገሪያ ጊዜ ነው።

የተመላሽ ሰው ሥርዓት

1ኛ፤ ልቅሶ መድረስ። በሌለበት ዘመን የሞተውን ሰው ቤት ሳያጽናና ለግብዣ መቀመጥ ነውር ነው። ልጆቹንም ይዞ ወደ መቃብሩ ስፍራ ይሂድ፤ ማን እንደ ተኛ በስሙ ይንገራቸው።

2ኛ፤ ታላላቆችን መጠየቅ። ባለጸጋውን ከመጎብኘት አስቀድሞ ዐይኑ የፈዘዘውን፤ እግሩ የደከመውን ሽማግሌ ይጠይቅ፤ ነገ ላያገኘው ይችላልና።

3ኛ፤ እውነቱን ለልጆች መንገር። ለምን እንደ ወጣ፤ ማን እንደ በደለው፤ ማንም እንደ ረዳው ሳይጨምር ሳይቀንስ ይንገራቸው።

4ኛ፤ የሚቀር ነገር መተው። እንደ አቅሙ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ፤ ለምንጭ መከለያ፤ ለደጀ ሰላም ወይም ለመስጊድ ጥላ የሚሆን ችግኝ ይተው። የተጠጋበት አገር ሩቅ ቢሆን ደብዳቤ ይላክ፤ የምስጋና ቃልም ስጦታ ነው።

የተቀባዩም ድርሻ አለ። እንግዳውን ምን አመጣህልን ብሎ መጀመር፤ የልጆቹንም አነጋገር ሰምቶ መሳቅ አይገባም። የሳቁበት ልጅ ሁለተኛ አይመጣም።

ለመምህራን የተሰጠ ምክር

ከበዓል በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ጠይቆ፤ ቤተ ሰቡ ከዚህ ሌላ የኖረበትን ስፍራና የረዳቸውን ሰው ስም ጽፎ ይምጣ። የዘር ሐረጉንም እስከ 7 ቤት ይቁጠር። መምህሩ የኢትዮጵያን ካርታ በሰሌዳ ላይ ሥሎ፤ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ልጆቹ ወደ ጠሩአቸው ስፍራዎች ሁሉ መሥመር ይሳብ። ያን ጊዜ ልጆቹ ወረዳቸው ከስንት አገር ጋር በውለታ እንደ ተሳሰረች በዐይናቸው ያያሉ። ሐዘን ያለበትን ልጅ ግን በጉባኤ አያናግሩት።

መልመጃ

1. የባዝ ከተማና አዲስ አበባ በምን ይመሳሰላሉ?
2. የእንግሊዝ መንግሥት በ1931 ዓ.ም. ያደረገውና የባዝ ሰዎች ያደረጉት በምን ይለያያል?
3. የፌርፊልድ ቤት ለማን ተሰጠ? ከመሸጥስ መስጠቱ ለምን ተሻለ?
4. ወላጆችህን በችግር ቀን ያስጠጋቸው ማን ነው? በሕይወት ካለ ምን ልትልለት ትችላለህ?

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ስፍራ እንደ ስሙ የሚሆነው የሄደው ተመልሶ ሲያመሰግን፤ የቀረውም ያለ ቂም ሲቀበል ነው። እንግዲህ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፤ የምታውቁትን ሳትደብቁ ንገሩ፤ ልጆችም የተቀበሉትን ቸርነት ቆጥረው ለሌላው እንዲያደርጉ አስተምሩ።